ኦስዋልድ ያነጣጠረው በመነጽሩ ነው ወይስ በብረቱ? ለአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት
ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ ፕሬዝዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ ማነጣጠሪያዎች ተለክተው ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከእናንተ ጋር ጎረቤታሞች ነን። ሥራዬ መኪና መንዳት ስለሆነ ተሳፋሪ ይዤ በኮሌጅ ፓርክ በኩል ባለፍኩ ቁጥር «ያ ጠመንጃ እዚህ ነው የተኛው» እላለሁ ለራሴ። ተሳፋሪው ወሬ የሚወድ ከሆነ ለእሱም እነግረዋለሁ። አብዛኛው አያምነኝም፤ ዳላስ ያለ ነው የሚመስለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት አምስት ሆነን ቡና እንጠጣለን። አንዱ በአገር ቤት የፊዚክስ መምህር የነበረ ነው፤ ዛሬም «መምህር» ነው የምንለው። ሌላው ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። እኔ ወታደር ነበርኩ፤ ያውም የዒላማ አሰልጣኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከዳላስ በስልክ ይገባል፤ ስልኩን ስኒው ላይ አስደግፈን ድምፁን ከፍ እናደርግለታለን። እንዲህ ሆነን ስንከራከር ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ክርክሩ ማን ገደለ የሚለው አይደለም፤ እሱን የሚያነሣ ሞልቷል። የእኛ ጥያቄ ጠባብ ነው። በግድያው የተከሰሰው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በዳላሱ የመጻሕፍት ማከፋፈያ ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ መስኮት ተንበርክኮ ዓይኑን ያሳረፈው የት ላይ ነው? ጠመንጃው ላይ በተገጠመው አቅራቢ መነጽር ውስጥ፣ ወይስ ከመነጽሩ ጎን ባለው የብረት ማነጣጠሪያ ላይ?

ደብዳቤውን በአማርኛ የማወጣው ክርክሩ በአማርኛ ስለሆነና እንደኛ የሚከራከሩ ሌሎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ለእናንተ ተርጉሜ በፖስታ እልካለሁ። በደብዳቤው ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ አንዱን ቀን ብቻ ግን በእኛ አቆጣጠር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኬኔዲ የተገደሉበት ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ማለት ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ኅዳር ሚካኤል! በዳላስ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን በእኛ አገር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር። ኅዳር ሲታጠን የተለኮሰው ቆሻሻ ጭሱ ገና ከሰፈር አልወጣም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን መጥተው ከኬኔዲ ጋር ተገናኝተው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ከፈረንሳዩ ደጎል ጎን ሆነው አስከሬኑን በእግር ተከተሉ። ያን ፎቶ የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው የለም።

ወደ ጠመንጃው ልመለስ። በመዝገባችሁ ማንሊኸር-ካርካኖ ትሉታላችሁ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ካርካኖ ብቻ ነው የሚሉት፤ ማንሊኸር የሚለው የተጨመረው ጥይቱ በቅንጥብ ታስሮ የሚጎርስበት ስልት ከዚያ ስለተወሰደ ነው። እኛ አገር ግን «ምንሽር» የሚባል ስም አለ፤ በቀረርቶም በፉከራም የሚጠራ፤ ቃሉ ከዚሁ ከማንሊኸር የመጣ ነው ይባላል። አያቴ ቤት ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ምንሽር ከጣሊያን የተማረከ ነበር። የእናንተው ጠመንጃ ቁጥሩ ሲ2766፣ ሞዴሉ 91/38፣ ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተሠራው ቴርኒ በምትባል የጣሊያን ከተማ በ1940 ነው። በ1940 አርበኞቻችን በየዱሩ ከዚያው ጦር ጋር እየተታኮሱ ነበር። ስለዚህ ይህን መሣሪያ በሥዕል አይደለም የምናውቀው። የዳላስ ሕግ አስከባሪዎች ከሳጥን መሃል ሲያገኙት የጀርመኑ ሞዜር ነው አሉ፤ በዚህ የተነሣ ስንት መጽሐፍ ተጻፈ! መምህር «የሸዋ እረኛ ቢሆን አይሳሳትም ነበር» ይላል። ያጋንናል፣ ግን ብዙም አይደለም።

ኦስዋልድ ጠመንጃውን ያዘዘው በፖስታ ነው። በ1963 መጋቢት ላይ ከቺካጎ፣ ሂደል በሚል የሐሰት ስም፣ ከነመነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ ለመላኪያ 1 ዶላር ከ50 ጨምሮ። ጠመንጃው ለብቻው 12 ዶላር ከ78 ነበር። መነጽሩ አራት እጥፍ የሚያቀርብ የጃፓን ሥራ ነው፤ ርካሽ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ክርክሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በመነጽሩ አቀማመጥ ላይ ነውና። መነጽሩ ከጠመንጃው አናት ላይ አይደለም የተተከለው፤ ወደ ግራ ገፋ ብሎ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ «ለግራኝ የተሠራ ነው፣ ኦስዋልድ ግን ቀኝ ነበር» ብሎ ይዘላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የካርካኖ ጥይት ስድስቱ በአንድ ቅንጥብ ታስረው ከላይ ነው የሚገቡት፤ መነጽሩ መሃል ላይ ቢቀመጥ መንገዱን ይዘጋል። ወደ ግራ ሲገፋ ደግሞ ከብረቱ ማነጣጠሪያ ላይም ይነሣል። ስለዚህ በዚያ ጠመንጃ ሰደፉን ትከሻው ላይ ያደረገ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ግራ ካዘነበለ በመነጽሩ ያያል፤ ጉንጩን በደንብ ካሳረፈ የፊቱን ብረት በኋላው ጎድጎዳ ውስጥ ያገኘዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ጣት ማንቀሳቀስ እንኳ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቡናው ጠረጴዛ። መምህር የሚለው ይህን ነው፦ መነጽሩ የተበላሸ ነበር፤ በተበላሸ መነጽር ማንም አይመታም፤ ስለዚህ ኦስዋልድ አልተኮሰም። የመጀመሪያው ክፍል እውነት አለው። የኤፍ ቢ አይ የጦር መሣሪያ ባለሙያ ሮበርት ፍሬዘር ግድያውን ለመረመረው ለዋረን ኮሚሽን በሰጡት ቃል ጠመንጃው ከማለሙበት ነጥብ በላይና በስተቀኝ ይመታ እንደነበር ተናግረዋል። በ100 ያርድ ሲተኮስ ጥይቶቹ ከ3 እስከ 5 ኢንች በሚሆን ክብ ውስጥ ተጠጋግተው ያርፋሉ፤ ክቡ ራሱ ግን ቦታው ላይ አይደለም። ለማስተካከል ሲሞክሩ የከፍታው ማስተካከያ ተሟጥጦ አለቀና ነጥቡ ላይ ሊያደርሳቸው አልቻለም። መነጽሩ ቱቦ ላይም ጠንከር ያለ የመፋቅ ምልክት ነበረ። የጦር ሠራዊቱ የባሊስቲክ ላቦራቶሪ ባልደረባ ሮናልድ ሲመንስ ደግሞ የእነሱ ሰዎች ከመተኮሳቸው በፊት መነጽሩ ሥር ስስ የብረት ልጥፎች ገብተው እንደነበር ተናግረዋል። አለዚያ ማስተካከል አልተቻለም።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለመምህር ካነበብኩለት ወዲህ እንቅልፍ የለውም። «አየህ! ፈተናውን የፈተኑት በሌላ ጠመንጃ ነው» ይላል። አጋነነ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የተፈተነው ጠመንጃ ያው ነው፤ የተፈተነው ማነጣጠሪያ ግን በዚያ አርብ ዕለት የነበረው አይደለም። ይህን ስል እንደ አሰልጣኝ ነው። ለምልምል ጠመንጃ ሰጥቼ ስቶ ሲተኩስ ጠመንጃውን አስተካክዬ እኔ ብመታበት ስለ ምልምሉ ምን አወቅኩ?

መምህር የሚስተው ሁለተኛው ላይ ነው። ጠመንጃው ከተኩሱ በኋላ በሰሜን ምዕራብ ጥግ ሳጥኖች መሃል ተወሽቆ ነው የተገኘው። ሰው እየሮጠ ወደ ሳጥን መሃል የከተተው ርካሽ መነጽር እዚያው ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በስንት እጅ ዞሯል። ፍሬዘርም ጉድለቱ በተኩሱ ሰዓት ነበረ ብለው አልማሉም። የተበላሸ መነጽር በኖቬምበር መጨረሻ ላቦራቶሪ ውስጥ ተገኘ ማለት በ22ኛው ቀን እኩለ ቀን ተበላሽቶ ነበር ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ኮሚሽኑም እኔን አላሳመነኝም። ጉድለቱ ተኳሹን ሳይረዳው አልቀረም የሚል አነጋገር አለው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፕሬዝዳንቱ መኪና ከመስኮቱ እየራቀ በኤልም ጎዳና ቁልቁል ይሄዳል። ከላይ ለሚያየው ዒላማው በትንሹ ወደ ላይ የሚያፈገፍግ ይመስላል። ስለዚህ ተኳሽ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማለም አለበት። ጠመንጃው በራሱ ከፍ አድርጎ የሚመታ ከሆነ ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቢያልም ይበቃዋል፤ ጉድለቱ ሒሳቡን ሠራለት። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ይህ የሚሠራው ጉድለቱ በዚያን ቀን በዚያው መጠን ከነበረ ብቻ ነው። ለመምህር «ጉድለቱ በዚያን ቀን መኖሩ አልታወቀም» ብዬ ከመለስኩ፣ ለኮሚሽኑም ያንኑ መመለስ አለብኝ። ሚዛኑ አንድ ይሁን።

ለመነጽሩ የሚናገር ማስረጃ አለ፤ ላድበሰብሰው አልፈልግም። የኦስዋልድ ባለቤት ማሪና ለኮሚሽኑ በሰጠችው ቃል በ1963 ጸደይ ኒው ኦርሊንስ ሳሉ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በመነጽሩ እያየ ጠመንጃውን ሲያቀባብልና ሲያላምድ አይታዋለች። ጥይት ሳይጎርስ መለማመድ ማለት ነው፤ እኛም እናሠለጥንበት ነበር። ሰው የተለማመደበትን ነው በጭንቅ ሰዓት የሚያነሣው። ርቀቱም ቢሆን ለመነጽር አይከብድም። ከመስኮቱ እስከ ፕሬዝዳንቱ የአንገቱ ጥይት በደረሰበት አካባቢ ከ177 እስከ 191 ጫማ፣ የጭንቅላቱ ጊዜ 265 ጫማ ነው፤ በእኛ አለካክ ከ54 እስከ 81 ሜትር። አራት እጥፍ በሚያቀርብ መነጽር 81 ሜትር 20 ሜትር ይመስላል። ባለ ፋርማሲው ወዳጃችን እዚህ ላይ ጠረጴዛ ይመታል፦ «20 ሜትር! ምን ብረት አስፈለገው?»

የአክስቴ ልጅ በስልክ ይመልስለታል። «መጥተህ መስኮቱን እየው» ይላል። ሄጄ አይቼዋለሁ። የመጻሕፍት ማከፋፈያው የነበረው ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ጥጉ በመስታወት ተከልሏል፤ ጎብኚ እዚያው ቦታ ላይ መንበርከክ አይችልም። ከጎኑ ካለው መስኮት ግን ቁልቁል ይታያል፤ አስፋልቱ ላይ በነጭ የተሠመረ የኤክስ ምልክት አለ። መጀመሪያ የገረመኝ ቅርበቱ ነው። በቴሌቪዥን ያየሁት ሁሉ አደባባዩን ሰፊ አስመስሎብኝ ነበር፤ ሲያዩት እንደ ትንሽ ሰፈር ሜዳ ነው። ሁለተኛ የገረመኝ፣ ዓይኔ መኪናዎቹን ለመከተል አልተቸገረም፤ በመነጽር ጠባብ ክብ ውስጥ ላግኛቸው ብል ግን መጀመሪያ መፈለግ ይኖርብኛል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። አንዴ ካገኙት ይቀርባል፤ ከተኩሱ ግፊት በኋላ እንደገና መፈለግ ነው።

ብረቱን የምደግፈው በዚህ ነው፤ ሰዓቱም ያግዘኛል። የኤፍ ቢ አይ ባለሙያዎች በመነጽሩ ሦስት ጥይት በ4.6 ሰከንድ ተኩሰዋል፤ ስለዚህ ከአንዱ ተኩስ እስከ ሌላው ቢያንስ 2.3 ሰከንድ ይፈጃል ተባለ። ዛፕሩደር የተባለ ተመልካች ግድያውን ያነሣበት ፊልም በሰከንድ 18.3 ምስል ስለሚይዝ 2.3 ሰከንድ ማለት 42 ምስል ነው። ይህ ቁጥር በኋላ እንደ ሕግ ተያዘ፤ ከዚህ ያነሰ ልዩነት የተገኘ እንደሆነ ሁለተኛ ተኳሽ አለ እየተባለ ተቆጠረበት። ግን 2.3 የመነጽር ቁጥር ነው! ከሠራዊቱ ሦስት ዒላመኞች አንዱ በመነጽሩ 4.6 እና 5.15 ሰከንድ ተኩሶ፣ በብረቱ ሲሞክር 4.45 ሆነለት። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እሱ ግን ዕድሜውን በዒላማ የፈጀ ሰው ነው። መነጽርን ብዙ ላላዘወተረ ሰው ልዩነቱ ይሰፋል ባይ ነኝ።

ከ15 ዓመት በኋላ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ልዩ ኮሚቴ ነገሩን እንደገና ሲመረምር በዚሁ አጥር ገባ። የድምፅ ባለሙያዎች ከአንድ የፖሊስ ሬዲዮ ቅጂ ተነሥተው በሁለት ተኩስ መካከል 1.66 ሰከንድ ብቻ አለ አሉ። ኮሚቴው በካርካኖ በብረቱ እያነጣጠሩ ተኩስ አስሞከረ፤ በዚያ ፍጥነት መተኮስ ይቻላል ተባለ። የድምፁ ማስረጃ ራሱ በ1982 በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባለሙያዎች ውድቅ ተደርጓል፤ አራተኛ ተኩስ ነበረ የተባለውም አብሮ ወደቀ። የብረቱ ሙከራ ግን በድምፁ ላይ አልቆመም። ፋብሪካውን አፍርሰው አንዲት ጥሩ መዶሻ ውስጡ እንዳገኙ ያህል ነው፤ መዶሻዋን የሚያነሣ ጠፋ።

ከዚያ ሥልጠናው አለ። ኦስዋልድ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ሳለ በ1956 ዒላማ 212 አገኘ፤ ጥሩ ተኳሽ የሚያሰኝ ውጤት ነው። በ1959 ወደ 191 ወረደ፤ ለዝቅተኛው ደረጃ 190 ይበቃል። ሁለቱንም የተኮሰው በኤም-1 ጠመንጃ፣ በብረት ማነጣጠሪያ፣ ያውም እስከ 500 ያርድ ርቀት ነው። በዓይንና በብረት መካከል ያለውን ነገር ሠራዊት አንዴ ካስተማረ አይረሳም። እኔ ከ30 ዓመት በላይ ጠመንጃ ሳልነካ ኖሬ ባለፈው ዓመት ቨርጂንያ ዒላማ ሜዳ ላይ አንስቼ ጉንጬ በራሱ ቦታውን ፈለገ። በበረንዳ ላይ መነጽር ማየትና ሰው ላይ መተኮስ ግን ይለያያል። ኦስዋልድ እንደሆነ ኮሚሽኑ ያመነበትን በዚያው ዓመት ሚያዝያ በዳላስ ነዋሪው በቀድሞው ጄኔራል ዎከር ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተመልከቱ፤ ማታ፣ የተቀመጠ ሰው፣ ወደ 30 ሜትር ገደማ። ጥይቱ የመስኮቱን ክፈፍ ነካና ሳተ። በመነጽር የሚያይ ሰው የሚያየው መነጽሩ ያሳየውን ነው፤ ከፊቱ ያለውን እንጨት አይደለም። (ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ባለ ፋርማሲው እንደማይቀበለው አስታውቆኛል።)

አሁን አንድ ነገር ላንሣ፤ በቡናው ጠረጴዛ ላይ ለሦስት ቅዳሜ ዝም ያሰኘን እሱ ነው። የ91/38 የኋላ ማነጣጠሪያ እንደ ድሮዎቹ ምንሽሮች ርቀት የሚቀየርበት መሰላል የለውም፤ ለ200 ሜትር ተቆርጦ የተተወ ነው። ለ200 ሜትር የተቆረጠ ማነጣጠሪያ በ60 እና በ80 ሜትር ላይ ከፍ አድርጎ ይመታል። መምህር በኮሚሽኑ የጥይት ፍጥነት፣ በሰከንድ 2,165 ጫማ፣ በወረቀት አሰላው፤ ወደ አንድ ጋት ገደማ ሆነ፤ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። በመነጽሩ ጉድለት ተኳሹን ረዳው የተባለው ያ ከፍታ፣ ምንም ጉድለት በሌለበት ብረቱ ላይም ከፋብሪካ ጀምሮ አለ! መነጽሩም ከፍ ያደርጋል፣ ብረቱም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ «ጥይቱ ከፍ ብሎ መምታቱ ዒላማውን ረዳው» በሚለው ነገር አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። የሚለያቸው የቀኙ መዛነፍ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሚሊ ሜትር ሳይለካ ተተወ።

የእኔን ግምት ልንገራችሁ፤ ግምት ብዬ ነው የምነግራችሁ። ከሦስቱ ጥይቶች አንዱ ስቷል። የሳተው የመጀመሪያው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። መጀመሪያ የተተኮሰው መኪናው ቅርብ፣ ማዕዘኑ ቁልቁል ሳለ፣ የመንገዱ ዳር ዛፍ እይታውን ከመጋረዱ በፊት ነው። እንግዲህ ከሁሉ የቀረበው ጥይት ሳተ፤ ከሁሉ የራቀው ጭንቅላት ላይ አረፈ። ይህ ግልብጥ ነው። ሰው ሲርቅ ነው የሚስተው። ግን መጀመሪያ በመነጽሩ ሞክሮ፣ በጠባቡ ክብ ውስጥ የሚሮጥ መኪና አምልጦት፣ ደንግጦ ጉንጩን ወደለመደው ብረት ቢያወርደው ግልብጡ ይቃናል። ምልምሎች ላይ አይቼዋለሁ፤ የተራቀቀው መሣሪያ ሲያሳፍራቸው ወደ ለመዱት ይሸሻሉ። መምህር ይህን «ልብ ወለድ» ብሎታል። እሺ፣ ልብ ወለድ ይሁን፤ ቢያንስ የሚለካ ልብ ወለድ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳት። በመነጽሩም ይሁን በብረቱ፣ ማን ተኮሰ የሚለው በዚህ አይወሰንም። መስኮቱ ሥር የተገኙት ሦስት ቀለሆች ከዚሁ ጠመንጃ የወጡ ናቸው፤ ሆስፒታል የተገኘው ጥይትና ከመኪናው የተለቀሙት ትላልቅ ስብርባሪዎችም ከዚሁ አፈሙዝ የወጡ መሆናቸውን ባለሙያዎች መስክረዋል። መምህር መነጽሩ ተበላሽቷልና ኦስዋልድ ንጹሕ ነው ሲል፣ አንድ ማነጣጠሪያ ብቻ ያለው ጠመንጃ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሌሎች ደግሞ መነጽር ስለነበረው ተኩሱ ቀላል ነበር ሲሉ ያንኑ ስሕተት ከወዲያ በኩል ይሠራሉ። ሰውዬው ከሁለት ቀን በኋላ ራሱ በጥይት ተገደለ፤ ፍርድ ቤት አልቆመም፤ በየትኛው አየህ ብሎ የጠየቀው እንደነበረ የሚያሳይ ቃል አላነበብኩም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ጠመንጃውን ተኩሱት አልልም፤ እንዲያውም እንዳትተኩሱት እለምናለሁ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ባለሙያዎች በ1978 ሲተኩሱበት የወጡት ጥይቶች ቀደም ሲል ኤፍ ቢ አይ ከተኮሰባቸው ጋር አልገጥም ብለዋል፤ ቧንቧው በተደጋጋሚ ሙከራና በአያያዝ ጉድለት ተለውጦ ነበር። የሚፈለገው መለካት ነው። በ2019 ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ጥይቶቹን፣ ስብርባሪዎቹንና የዎከርን ጥይት ጭምር በሦስት ገጽታ ቃኝቶ ዲጂታል ቅጂ እንዳዘጋጀላችሁ አውቃለሁ፤ ሥራው ግሩም ነው። ያን ያህል ለጥይቱ ከተደከመ፣ ጥይቱን ወደዚያ የላከው ማነጣጠሪያ ምን አደረገ? መነጽሩን፣ መያዣውን፣ ብሎኖቹን፣ ቱቦው ላይ ያለውን ጭረት፣ የፊቱን ብረትና የኋላውን ጎድጎዳ እንዲሁ አስቃኙልን። የጭረቱ አቅጣጫና ጥልቀት ብቻ እንኳ መነጽሩ የተመታው ከየት በኩል እንደሆነ ሊናገር ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ልጥፎቹን። ሲመንስ የጠቀሷቸው ስስ ብረቶች በኮሚሽኑ ማስረጃነት ተመዝግበዋል። ማይክሮሜትር አውጥቶ ውፍረታቸውን መለካት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ልጥፉ የገባበት ውፍረትና የመያዣው ርዝመት ከታወቀ፣ መነጽሩ በምን ያህል ማዕዘን ተዛንፎ እንደነበረ መምህር ራሱ በናፕኪን ላይ ያሰላዋል። ከዚያ በ54 ሜትርና በ81 ሜትር ጥይቱ የት ሊያርፍ እንደነበረ ይታወቃል። የመዛነፉ መጠን በፕሬዝዳንቱና በመኪናው ጠርዝ መካከል ካለው ቦታ ከበለጠ፣ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ መነጽር እንዳልተጠቀመ እናውቃለን፤ ካልበለጠ የመምህር ክርክር ይወድቃል። የእኔም ሊወድቅ ይችላል። እሱን ተቀብያለሁ።

ቅኝቱ ተሠርቶ በመደርደሪያ ተቀምጦ ከሆነም ቦታውን ጠቁሙኝ፤ በአካል መጥቼ አያለሁ። ቅርብ ነኝ ብያለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ተሳፋሪ ስለሚበዛ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቸኛል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የቀድሞ የዒላማ አሰልጣኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ግልባጭ፦
ለቅዳሜ ቡና ተከራካሪዎች፤ የተረታ የዓመቱን ቡና ይከፍላል የተባለው ውል ከቤተ መዛግብቱ መልስ እስኪመጣ ድረስ የታገደ መሆኑ እንዲታወቅ
ለዳላሱ የአክስቴ ልጅ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከመስኮቱ ጎን ሆነህ ስልክህን ወደ ውጭ አዙረው